ከመኪናው ቀድሞ የመጣ ጎማ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከአሪቻ መጥታ ግቢያችን ውስጥ ያቆመቻት መኪና እስከ መስኮቷ ድረስ ቀይ ጭቃ ለብሳ ነበር፤ ዝናቡ ቆም ብሎ ፀሐይ ብቅ ስትል ከጎማዎቹ የተነሣው የእርጥብ ላስቲክና የጭቃ ሽታ በረንዳው ላይ ጎመን ስቀነጥስ ደረሰብኝና ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። ልጄ እዚያ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ መኪናዋን የገዛችው በቅርቡ ነው። ለእኛ አገር መንገድ ይሆናል ብላ ከፋብሪካ ከመጣው የሚበልጥ ትልቅ ጎማ አስገጠመችላት፤ ታዲያ ስኮርታው፣ ያ ለክፉ ቀን የሚያዘው አምስተኛው ጎማ፣ አብሮ ስላደገ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ያለው የድሮ ቦታው አልበቃው አለ። ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና ሰዎች በዚህ ጉዳይ የሚከራከሩበትን ቪዲዮ ሁሉ ታሳየኝ ጀመር፤ አንዱ የኋላ በር ላይ ይላል፣ አንዱ ጣሪያ ላይ ይላል፣ ሌላው ሁለቱንም ይሳደባል። «እማ፣ አንቺ የሹፌር ልጅ ነሽ፤ የት ላድርገው?» አለችኝ ለቀልድ። «ውስጥ» አልኳት ጥያቄው ከአፏ ሳይወጣ፤ «ጣሪያ ላይ እንዳታደርጊ፤ ውስጥ አስገቢውና ከወለሉ ጋር በብሎን አሳስሪው።» ሳይታወቀኝ ጮኼ ኖሯል፤ ልጄ ስልኳን አስቀምጣ ፊቴን ታየኝ ጀመር። ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ለእሷ የነገርኳት በአጭሩ ነው፤ ረጅሙ ይህ ነው።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ዲላ ጫፍ ላይ፣ ወደ ደጋው ወደ ቡሌ የሚወጣው መንገድ ዳገቱን ሊጀምር ሲል ነበር፤ ከፊት ለፊት የእናቴ ሱቅ፣ ከሱቁ ኋላ መኝታችን፣ ከመኝታችን ኋላ ደግሞ የጎረቤታችን የአቶ በራሶ እንሰትና ቡና ሽቅብ እየወጣ ጉም ውስጥ ይገባል። አባባ ከጉራጌ አገር በጎረምሳነቱ መጥቶ፣ ጨርቅ በትከሻው ተሸክሞ ከገበያ ገበያ ሲዞር ኖሮ፣ በመጨረሻ ከታናሽ ወንድሙ ከአጎቴ ከድር ጋር አንዲት ሎንግ ቤዝ የገዛ ሰው ነው፤ ከኋላዋ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ያላት፣ ከላይ ደግሞ ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶመጋላ የተሸከመች ረጅም መኪና ነበረች። ጠዋት ጨውና ሳሙና፣ አስተማሪና ጤና ረዳት ጭና ትወጣለች፤ ከሰዓት ገብስ፣ ቆጮና የታመመ ሰው ጭና ትወርዳለች። ቤት ውስጥ ከአንገቱ ቀና የማይለው ዝምተኛው አባቴ መሪውን ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆን ነበር፤ ያንጎራጉራል፣ ከተሳፋሪው ጋር በተሰባበረ ጌዴኦኛ ይቀልዳል፣ እያንዳንዱን ጠመዝማዛ በስም ይጠራል፣ መንገድ ዳር ያገኘውን አዛውንት ሁሉ ቦታ ኖረም አልኖረም «ይግቡ» ይላል።

እኔ ያንን መንገድ እፈራው ነበር። በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ወገን ታቹ የማይታይ ገደል፤ ዝናብ ሲነካው ቀዩ አፈር ሳሙና ይሆናል፤ ጉሙ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይወርድና ከፊት ያለውን እንሰት እንኳ ይውጠዋል። እናቴም ትፈራ ነበር፤ ግን ፍርሃቷን በአፏ አታወጣም፤ አባባ ሲዘገይ የሱቁን ሳሙና ከመደርደሪያ አውርዳ እንደገና ትደረድራለች፤ እኔ ድርድሩን አይቼ ምን ያህል እንደዘገየ አውቅ ነበር። እኔን ደግሞ ሆዴን ያመኛል። ጀምበር ልትገባ ስትል የሎንግ ቤዟ ድምፅ ከላይ ካልተሰማ እራት አልበላም፤ ድምፁ ሲሰማ ግን ያ ሁሉ ሕመም ድራሹ ይጠፋና ድስቱን እስክልስ እበላለሁ። ሰፈርተኛው ወስፋት ነው ብሎ ስንት የኮሶ መድኃኒት እንዳጠጣኝ አልናገርም።

ስኮርታው ያን ጊዜም ቦታ ያጣ እንግዳ ነበር። መጀመሪያ የኋላ በሩ ላይ ነበር፤ መልካም ቦታ ይመስላል፤ ነገር ግን የቡሌ ድንጋይ በሩን ከነጎማው ሲንጠው ከርሞ ማጠፊያው ላላና አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ከነዶሮዎቿ ልትወርድ ብትከፍተው በር፣ ጎማና ዶሮ አብረው መሬት ወረዱ። ቀጥሎ አባባ ከመኪናዋ ሆድ ሥር አንጠለጠለው፤ ያኔ ደግሞ ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ጭቃ ላይ በጀርባ ተኝቶ ብሎን በዳበሳ መፈለግ ሆነ፤ እናቴ የሸሚዙን ጀርባ አይታ የት ቦታ ላይ እንደተነፈሰበት ሁሉ በጭቃው ቀለም ታውቅ ነበር። ከዚያ ኮፈኑ ላይ አሰረው። አባባ ግን አጭር ሰው ነው፤ ከጎማው በላይ የምትታየው ኮፍያው ብቻ ሆነችና የሰፈር ልጆች «መኪናዋ ብቻዋን መጣች!» እያሉ ይሸሹ ጀመር፤ እሱም አንገቱን እንደ ሰጎን አስግጎ ሲነዳ ሰንብቶ ማጅራቱን ታሞ ተወው።

በመጨረሻ ውስጥ አስገባው። ከሹፌሩ ወንበር ኋላ፣ በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል ወለሉ ላይ አጋድሞ በትልቅ ብሎን አጠበቀውና መሃሉን በጆንያ ጎዘጎዘው። ጎማው ንፋስ ስላለው የመንገዱን ድንጋይ ይውጠዋል፤ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው አናቱ ከጣሪያው ሲጋጭ ጎማው ላይ የተቀመጠው ግን ወዝወዝ ብቻ ይላል። ይህን ተሳፋሪው ቶሎ ደረሰበትና ቦታው የራሱ ሥርዓት ወጣለት፤ እርጉዝ ካለች እርጉዟ፣ እሷ ከሌለች የታመመ፣ የታመመ ከሌለ አዛውንት ይቀመጥበታል፤ ማንም ሳይጠየቅ ይለቃል። ቡሌ ላይ አንዲት ሴት ማርገዟ የሚታወቀው ጎማው ላይ በተቀመጠች ቀን ነው ይባል ነበር፤ አንዷ ወይዘሮ ወገቧን አሟት ብትቀመጥበት ባልዋ ገበያ ላይ እንኳን ደስ ያለህ ተብሎ ግራ ገብቶት ተመለሰ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባባ ይዞኝ ይወጣ ነበር፤ ቦታው ባዶ ከሆነ እኔ እዚያ ጆንያው ላይ ጉልበቴን አቅፌ እሰፍራለሁ፤ ከዚያ ገደሉ አይታይም፤ የአባባ ማጅራት ብቻ ይታያል፤ የመንገዱ ፍርሃት የሚለቀኝ እዚያ ብቻ ነበር።

ታዲያ የቡና ለቀማ ሲደርስ ከቡሌ ደጋ ወደ ጪጩና ወደ ዲላ ለሥራ የሚወርደው ሰው በዛ፤ አጎቴ ከድርም በመኪናዋ ውስጥ ያንን ሰፊ ቦታ ይዞ የተንደላቀቀውን ጎማ ባየ ቁጥር ያንገበግበው ጀመር። «ጎማ ነው ወይስ አማች፣ እልፍኝ የምናስቀምጠው?» ይላል። አባባ ለብዙ ጊዜ ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈ፤ በኋላ ግን ሰዉ ዝናብ ላይ ቆሞ ሲቀር ማየቱ አሸነፈውና አንድ ቀን ማምሻውን ጎማውን ፈትቶ ፖርቶመጋላው ላይ ሰቀለው። ማሰሪያ ብረት ብየዳ ቤት አዟል፤ እስኪደርስ በገመድ አሰረው። እናቴ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ሆና ስታየው ቆይታ «የሙኒራ አባት፣ ገመድ እኮ ነው» አለችው። «ኢንሻአላህ ብረቱ ነገ ከነገ ወዲያ ይደርሳል» አለና ገመዱን አንዴ ስቦ አሳያት።

በማግስቱ ጠዋት አባባ እያካፋ ወጣ። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ቤት ነበርኩ፤ ከጓሮ እጆቼን ስታጠብ ከላይ ከጉሙ ውስጥ እንሰት ሲሰበር ሰማሁ፤ ቷ ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ቷ ይላል፤ ከብት ያመለጠ መሰለኝ። ጥቂት ቆይቶ አቶ በራሶ ጎማ በሁለት እጁ እያንከባለለ፣ ሚስቱ እትዬ አስቴር ከኋላው እጇን አናቷ ላይ ጭና መጡ። ጎማው ላይ አባባ በነጭ ቀለም የጻፋት የስሙ መነሻ ፊደል አለች፤ በጭቃው መሃል እሷን አየኋት።

«ሙኒራ፣ እናትሽ የት አለች?» አለኝ አቶ በራሶ። እናቴ ድምፁን ሰምታ ወጣች፤ ጎማውን አየች፣ ሰውዬውን አየች። «ከላይ መጣ፤ እንሰቱን ሰባብሮ ነው የመጣው። መኪናው ግን አላየሁም፣ ጉም ነው» አላት።

ጎማ ከመኪና ጣሪያ ላይ ሊወድቅ ይችላል ብሎ ማሰብ ዛሬ ቀላል ይመስላል። ግን ጣሪያው ላይ የታሰረው ገና ትናንት ማምሻውን ነው፤ ከቤተሰቡ በቀር ያየ የለም። ሰፈሩ የሚያውቀው፣ ያ ጎማ በትልቅ ብሎን ከመኪናዋ ወለል ጋር የተሰፋ መሆኑን ነው፤ እርጉዞች የተቀመጡበት፣ አዛውንቶች የጸለዩበት ጎማ ነው፤ እሱ ተነቅሎ ብቻውን ከመጣ መኪናዋ ተበታትናለች፣ ውስጧ ያለውም ሰው እንዲሁ። እናቴ «የለም፣ ጣሪያ ላይ ነው የነበረው፣ በገመድ ነው ያሰረው» ስትል ሰዎቹ ተያዩ፤ ድንጋጤ ያናወጣት ሴት የምትለው ነው ብለው ትከሻዋን ደገፉ። እሷ ደጋግማ በነገረቻቸው ቁጥር እነሱ ይበልጥ አዘኑላት። አጎቴ ከድር ሐዋሳ ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል፤ ሌላ ምስክር የላትም። እኔ ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግን ያ ሁሉ ትልቅ ሰው አንገቱን ሲደፋ ዓይኔን ሳይሆን እነሱን አመንኩ፤ አባቴ ሞቷል አልኩ በሆዴ፤ ሆዴም እንደ ሌላው ቀን አላመመኝም፤ ባዶ ሆነ፤ ያ ከሕመሙ ይልቅ አስፈራኝ።

ወንዶቹ ገመድና ገጀራ ይዘው ወደ ላይ ወጡ፤ ጎማው በእንሰቱ ውስጥ የከፈተውን መንገድ ተከትለው ወደ ገደሉ እንደገቡ ጉሙ ዋጣቸው፤ አልፎ አልፎ የአባባን ስም እየጠሩ ሲጮኹ ይሰማ ነበር፤ ጩኸታቸው ሲመለስ የእነሱ ድምፅ አይመስልም። ዝናቡ በረታ፤ ከላይ የሚወርድ መኪና ጠፋ። ግቢያችን በሰው ሞላ። የመስጊዳችን ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሬሳ ሳይታይ እንዳይለቀስ ከለከሉ፤ እትዬ አስቴርና የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው በአንድ ጥግ በጌዴኦኛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ፤ አንዷ ደግሞ ማንም ሳያዛት ለለቅሶ የሚሆን ንፍሮ ጥዳለች። እናቴ ከዚህ ሁሉ መሃል ተነሥታ ውኃ በባልዲ አመጣች፤ ጎማውን ደረጃው ላይ አስደግፋ ታጥበው ጀመር። ጭቃውን ከጥርሱ ውስጥ በእንጨት እየፈለፈለች ታወጣለች፣ ውኃ ትደፋለች፣ እንደገና ትፈለፍላለች። ሴቶቹ ሊያስቀሯት ሲሉ «ሲመጣ ይፈልገዋል» አለቻቸው። ይህን ስትል አንዷ አፏን ይዛ ወጣች። እኔ ማየት አልቻልኩም፤ ሱቅ ገባሁና ከጨው ጆንያዎቹ ኋላ ተሸጎጥኩ።

ሊመሽ ሲል፣ ዝናቡ ወደ ካፊያ ሲለወጥ፣ ከላይ የሞተር ድምፅ መጣ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ግን አረማመዱ የእሷ አይደለም፤ እየቆመ፣ እያነከሰ ነው የሚመጣው። በጆንያዎቹ መካከል በነበረው ክፍተት በኩል መንገዱ ይታየኛል። ሎንግ ቤዟ ከጉሙ ውስጥ በዝግታ ወጣች፤ ከኋላዋ ተሳፋሪዎቿ ላስቲክ ለብሰው፣ ዕቃቸውን ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው ያለ አንድ ቃል በእግር ይከተሏታል። ሕያው ሰው ብትጭን ማን በእግሩ ይሄዳል? ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንዴ ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ ሬሳው መጣ። ያ ሁሉ ቀን የታፈነው ለቅሶ ፈነዳ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተነሡ፤ እትዬ አስቴር ደረቷን እየመታች መሬት ላይ ወደቀች።

በሩ ተከፈተና አባባ ራሱ ወረደ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ፊቱ ላይ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም፤ የቤቱ ደጅ በለቅሶ ተሞልቶ ሲያይ ከንፈሩ ነጭ ሆነ። «ማነው የሞተው?» አለ። ያለቀሱት ሰዎች እሱን እያዩ አፋቸው ተከፍቶ ቀርቷል። ዓይኑ በሕዝቡ መሃል ሮጠ፤ እናቴን ከጎማው አጠገብ አገኛት፤ ከዚያ ሌላ ሰው ፈለገ። «ሙኒራስ?» አለ፤ «ሙኒራ የት አለች?» ከጆንያው ኋላ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ አለሁ ልለው ፈለግኩ፤ ምላሴም እግሬም አልታዘዝ አለኝ። አባቴ እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከከና ለእኔ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ድምፁ የሰው አይመስልም።

ከሁሉ ቀድሞ የነቃው አቶ በራሶ ነው፤ ከገደሉ ተመልሶ በጓሮ በኩል እየገባ ነበር። አባባን ከትከሻው ያዘና እየናጠ «አንተ! አንተ ነህ እኮ የሞትከው!» አለው። ከዚህ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውስም፤ የሚስቀው ያለቅሳል፣ የሚያለቅሰው ይስቃል፤ እኔን ማን ከጆንያው ኋላ እንደሳበኝ እንኳ አላውቅም፤ የማስታውሰው አባባ አቅፎኝ የጎድን አጥንቴ እስኪያመኝ መጭመቁን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ስኮርታው መኪናዋ ዳገቱን ስትጀምር ገመዱን በጥሶ ወድቋል፤ በዝናቡና በተሳፋሪው ጫጫታ ማንም አልሰማም። ከቡሌ ሲመለስ የኋላ ጎማ ፈነዳበት፤ ክሪኩን አስገብቶ መኪናዋን አንሥቶ ወደ ጣሪያው ቢወጣ የተበጠሰ ገመድ ብቻ አገኘ። ያን ጊዜ የአካባቢው ገበሬዎች ደርሰው የእንሰት ቅጠልና ቃጫ ቆርጠው ሰጡት፤ የፈነዳውን ጎማ በእሱ ጠቅጥቆ፣ ሰዉን አስወርዶ፣ ባዶዋን መኪና እንደ ሕመምተኛ እየደገፈ አመጣት። ተሳፋሪዎቹ ሊቀድሙት ይችሉ ነበር፤ ግን ብቻውን ጥለውት መሄድ ነውር ሆኖባቸው ከኋላው ሄዱ። ጎማው ውስጥ የነበረው እንሰት ለሳምንት ደጃችን ላይ ሸተተ፤ የተጣደውን ንፍሮ ተሳፋሪና ለቀስተኛ አብረው በሉት።

ስኮርታው በማግስቱ ወደ ወለሉ ተመለሰ፤ አጎቴ ከድርም ትንፍሽ አላለም። አባባ ግን እንደነበረው አልተመለሰም። መጀመሪያ ማንጎራጎሩ ቀረ። ከዚያ ጉም ሲወርድ ዳር ይዞ መቆም ጀመረ፤ ጉሙ እስኪገለጥ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል፤ ተሳፋሪው እያጉረመረመ ይወርድበታል። ቀጥሎ ዝናብ ካለ አይወጣም፤ በመጨረሻ ጠዋት ጠዋት ሰማዩን አይቶ መሪውን ለከድር ይሰጠውና ሱቅ ይቀመጣል። ውለው አድረው መኪናዋን ሸጧት። ማንም ተው ያለው የለም። እውነቱን ለመናገር እኔ በደስታ ልሞት ነበር። አባቴ በየማታው ቤት ነው፤ ሆዴን አያመኝም፤ እናቴም ሳሙናውን ለገዢ እንጂ ለፍርሃት አታወርደውም። እኛ ያን ሁሉ ዓመት አላህን የምንለምነው እሱን ከመንገዱ እንዲያስቀርልን ነበርና ተሰማልን ብለን አመሰገንን። በሚዛኑ ፊት ስኳር እየመዘነ ከአንገቱ ቀና ሳይል የሚቀመጠውን ዝምተኛ ሰውዬ ብቻ እንዳገኘን፣ ያን ሌላውን፣ ለእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ስም የነበረውን ሰው በምትኩ አሳልፈን እንደሰጠን አላስተዋልንም።

ያስተዋልኩት ካደግሁ፣ ካገባሁ በኋላ ነው። ቡሌ የድሮ ወዳጁ ሞቶ ለቅሶ ልንደርስ አብረን ወጣን፤ በሰው መኪና ነው፤ ሹፌሩ ፈጣን፣ ጨዋ ልጅ። መንገዱም ከድሮው ተሻሽሏል፤ ቀኑም ብራ ነበር። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ አባባ እጄን ያዘኝ። «ቀስ በል ልጄ» አለው ሹፌሩን፤ «የሚጠብቅህ ሰው አለ።» ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፤ ያንን አገር፣ ያንን ሁሉ እንሰትና ቡና፣ ወጥቶ ወርዶ የማይጠግበውን ገደል አንዴ እንኳ ዞሮ አላየውም። መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ጣቶቼን እየጨመቀ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ደረስን?» ይለኛል። ጥቂት ጊዜ እውነቱን ነገርኩት። በኋላ ግን አንጀቴ አልቻለም፤ «አዎ አባባ፣ ደረስን» አልኩት፤ ገና የመንገዱ እኩሌታ ላይ ነበርን።